ግድግዳ ላይ ያገኘኋትን ዘላይ ሸረሪት ዝርያ ለመለየት የሄድኩበት መንገድ

በመስኮቱ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ አንዲት ግራጫ ሸረሪት ድር ሳትዘረጋ፣ እንደ ድመት አድብታ ዝንብ ስትይዝ ካየሁ በኋላ ስሟን ለማወቅ ተነሣሁ። ዘላይ ሸረሪት መሆኗን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም፤ ከስምንቱ ዓይኖቿ አራቱ ከፊት ተደርድረው፣ የመሐለኞቹ ሁለቱ ከሌሎቹ ጎልተው መታየታቸው ሳልቲሲዴ የሚባለው ቤተሰብ ዋና መለያ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ቤተሰብ ከ6,000 በላይ ዝርያዎችን የያዘ፣ ከሸረሪቶች ሁሉ ትልቁ ቤተሰብ በመሆኑ እውነተኛው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነበር።

የመጀመሪያው ስሕተቴ በስልኬ ከላይ ያነሣሁትን አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ይዤ ከሥዕሎች ጋር ማስተያየቴ ነው። መሐሏ ፈዛዛ፣ ጎንና ጎኗ ጥቁር መሆኑን አይቼ፣ በሞቃት አገሮች ቤቶች ውስጥ የተለመደው ፕሌክሲፐስ ፓይኩሊ ናት ብዬ ወሰንኩ፤ ለጓደኞቼም በሙሉ ልብ ተናገርኩ። ውሳኔዬ የፈረሰው ከጎን ባየኋት ጊዜ ነው። የፕሌክሲፐስ የፊተኛው የሰውነት ክፍል ከፍ ያለና ደንዳና ሲሆን፣ የእኔዋ ግን ግድግዳው ላይ የተለጠፈች እስክትመስል ድረስ ጠፍጣፋ ነበረች።

ስለዚህ በብርጭቆና በወረቀት ይዤ ጠርዙ ግልጽ በሆነ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ከተትኳት፤ አላርፍ ስላለችም ለጥቂት ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆየኋትና እንቅስቃሴዋ ሲዘገይ ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይና ከሥር አነሣኋት። ከሣጥኑ ሥር በሚሊሜትር የተሰመረ ወረቀት ማድረጌ በኋላ እጅግ ጠቀመኝ፣ ምክንያቱም ፎቶግራፍ ብቻውን መጠንን ይዋሻል፤ እግሮቿን ሳይጨምር ርዝመቷ 9 ሚሊሜትር ገደማ ነበር።

እስካሁን «እሷ» ያልኩት በአማርኛ ልማድ እንጂ ፆታዋን አውቄ አልነበረም። ፆታ የሚለየው ከአፍ ግራና ቀኝ ባሉት፣ ፔዲፓልፕ በሚባሉት አጫጭር እግር መሳይ አካላት ነው፤ ለአካለ መጠን በደረሰ ወንድ ላይ ጫፋቸው ያብጣል፣ በሴትና በጫጩት ላይ ግን ቀጭን ሆኖ ይቀራል። የእኔዋ ቀጫጭን ስለነበሩ ሴት ወይም ጫጩት መሆኗን ለመለየት ከሆዷ ሥር መመልከት ነበረብኝ፤ እዚያ የጠነከረና የጠቆረ የመራቢያ አካል በአጉሊ መነጽር ስለታየኝ ያደገች ሴት መሆኗን አረጋገጥኩ። ይህን ማጣራት መዝለል የማይገባው፣ የብዙ ዝርያዎች ጫጩቶች እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉና ባለሙያዎችም ቢሆኑ ዝርያን በእርግጠኝነት የሚለዩት በአብዛኛው ያደጉትን የመራቢያ አካል መርምረው በመሆኑ ነው።

ጠፍጣፋ ገላዋ፣ ጥቅጥቅ ያለው ግራጫ ጠጉሯና ግድግዳ ወዳድነቷ ሜኔሜረስ ወደሚባለው ወገን መሩኝ። ከወገኑ መካከል ደግሞ የሚመስለው ሜኔሜረስ ቢቪታተስ ነበር፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1831 የተገለጸ፣ መነሻው ከአፍሪካ ሆኖ በሰው ቤት እየተጠጋ ሞቃቱን ዓለም ያዳረሰ ዝርያ ነው። ስሙ በላቲን «ባለ ሁለት ጥለት» ማለት ሲሆን፣ እኔን ለፕሌክሲፐስ ያሳሳቱኝም እነዚያው በሴቷ ጎንና ጎን የሚወርዱት ሁለት ጥቁር መስመሮች ናቸው።

ሸረሪቷን ወደ ግድግዳዋ ከመለስኳት ከጥቂት ቀናት በኋላ ፔዲፓልፑ ያበጠ አንድ ወንድ የፊት እግሮቹን እያነሣ ሲቀርባት አገኘሁት። መልኩ የእሷ ተቃራኒ ነበር፤ መሐሉን ጥቁር መስመር ይወርደዋል፣ ዳርና ዳሩ ነጭ ነው፣ ይህም ከዝርያው ወንድ መግለጫ ጋር ይገጥማል። ሆኖም ፔዲፓልፑን በማይክሮስኮፕ ስላልመረመርኩ በማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት «ሜኔሜረስ፣ ምናልባትም ቢቪታተስ» ብዬ ነው፤ በዚያው ሳምንት በሩ ላይ ያየኋትን ሌላ ጫጩት ደግሞ «ሳልቲሲዴ» ከማለት አላለፍኩም።