ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለው የአልባኒያ ተራራ እንዴት እንደመለሰኝ

ስህተቴ የጀመረው ቁጥር ሳወዳድር ነው። ፍራንክፈርት ቤቴ ቁጭ ብዬ ስለ አልባኒያ ሳነብ፣ ከቫልቦና ሸለቆ ወደ ቴስ መንደር የሚያሻግረው የእግር መንገድ ከፍተኛው ቦታ 1,800 ሜትር ገደማ እንደሆነ አየሁና ሳቄ መጣ። እኔ እኮ ሽሮ ሜዳ ያደግኩ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ ደግሞ 3,000ን ያልፋል። ጓደኛዬ «ኤፕሪል ላይ በረዶ አለ» ሲለኝ «ባክህ ተወኝ» አልኩትና በስኒከር ሄድኩ።

መግባቱ ቀላል ነበር። የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ስላለኝ ቪዛ አልጠየቁኝም፤ የእናንተን ግን ራሳችሁ አጣሩ፣ የፓስፖርታችን ነገር ይታወቃል። ዋና ከተማዋ ቲራና ስደርስ የስልኬ ኢንተርኔት ቀጥ አለ። አገሪቱ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም፣ የጀርመኑ ጥቅሌም እዚያ አይሠራም ነበር። እዚያው ሲም ገዛሁ።

ዋናው ግርታ ገንዘቡ ላይ ነው። አንድ ዩሮ 100 ሌክ ገደማ ነው። ዳቦ ቤት ገብቼ አንድ ቡሬክ (ሳምቡሳ የሚመስል፣ ግን በትልቅ ትሪ የሚጋገር) ስጠይቅ ሴትየዋ «700» አለችኝ። ሰባት ዩሮ ለአንድ ቁራሽ! ልወጣ ስል ከኋላዬ ያለው ልጅ ሳቀና 70 ሌክ ከፍሎ አሳየኝ። ለካ በ1965 ገንዘቡ ሲቀየር አሥሩ አሮጌ ሌክ አንድ አዲስ ሆኗል፣ ሰዉ ግን እስከ ዛሬ አፉ ላይ ያለው የድሮው ነው። ዋጋ ስትሰሙ አንድ ዜሮ ለመቀነስ ተዘጋጁ፣ ካላመናችሁም ብሩን ዘርግታችሁ አሳዩ።

ማኪያቶው ግን የአገሬ ነው የመሰለኝ፣ ስሙም አሠራሩም። እነሱንም ጣሊያን በኤፕሪል 1939 ወሯቸዋል። ያኔ የሮማው ንጉሥ በአንድ ራሱ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት፣ የአልባኒያም ንጉሥ» ይባል ነበር። ይህን ለአስተናጋጁ ብነግረው ሒሳቡን አልቀበልም ብሎ ተጣላኝ።

ከቲራና ተነስቼ ሽኮድራ የምትባል ከተማ አደርኩ። በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፉርጎን ያዝኩ። ፉርጎን ሚኒባስ ነው፣ ከእኛ የባቡር ፉርጎ ጋር ዘመድ ሳይሆን አይቀርም፣ ጠባዩ ግን የመገናኛ ታክሲ ነው፤ የሚሄደው ሲሞላ ነው። ኮማን ላይ ጀልባ ይጠብቃል። ኮማን ድሪን የሚባለው ወንዝ ለኤሌክትሪክ ሲገደብ የተፈጠረ ሐይቅ ነው፤ ጠባብና ረጅም፣ ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ ገደል። ሦስት ሰዓት ያህል ተጓዝን። ለዚህ ብቻ ስል ደግሜ እሄዳለሁ። መሀል ላይ ጀልባው ምንም በሌለበት ገደል ሥር ቆመና አንዲት እናት ከሁለት ጆንያ ዱቄት ጋር ወረደች። ቤት የለም፣ መንገድ አይታይም። አንዱን ጆንያ ተሸክማ በድንጋዩ መሀል ስትወጣ ዓይናችን ተከተላት፣ ሌላው ጆንያ ውሃው ዳር ቀረ።

ቫልቦና ስደርስ ዛፎቹ ነጭ አበባ አውጥተዋል፣ ወንዙ የቀለጠ በረዶ ስለሆነ ሰማያዊነቱ ያፈዛል። ያረፍኩት ከአንድ ቤተሰብ ጋር ነው። ወቅቱ ሁዳዴ ነበር፤ የቀረበልኝ ሁሉ ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላል። ጾም መሆኔን ልጃቸው ሲያስረዳልኝ አያትየው (እማማ ነው የምላቸው) ባቄላ ወጥና የተጠበሰ ቃሪያ አመጡልኝ፣ በዳቦ ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ጠዋት ልጁ ገበያ ሄዷል። ቤት ያሉት እማማ ብቻ ናቸው። ተራራውን እየጠቆምኩ «ቴስ? ይቻላል?» አልኩ። ራሳቸውን ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቁ። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። እማማ ከኋላዬ «ዮ! ዮ!» ሲሉ መልካም መንገድ እያሉኝ መስሎኝ እጄን አውለበለብኩ።

መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ድንጋዩና ዛፉ ላይ ቀይና ነጭ ቀለም ተቀብቷል፣ እሱን እየተከተሉ መሄድ ነው። ትንሽ ከፍ ሲል በረዶው ምልክቱን ዋጠው። ጠዋት ስለነበር ጠንካራ ነው፣ እንደ አስፋልት ሄድኩበት፣ እንዲያውም ፎቶ ተነሳሁ። አምስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ መለስለስ ጀመረ። ከዚያ አንድ እግሬ እስከ ታፋዬ ገባ። ልጎትተው ስታገል ከሥሬ የሚወርድ ውሃ ሰማሁ። በረዶው ከታች በጅረት ተቦርቡሮ እኔ ጣሪያው ላይ ነው የቆምኩት! ሆዴ ባዶ ሆነ። በደረቴ ተኝቼ እየተንፏቀቅኩ ወጣሁና የራሴን ዱካ እየረገጥኩ ተመለስኩ። ስኒከሬ ሲጨመቅ ግማሽ ሊትር ይወጣዋል።

ማታ ልጁ ሲሰማ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ሳቀ። አልባኒያ ውስጥ ራስን ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ «አይ» ነው፣ ግራና ቀኝ መወዝወዝ «አዎ»። ወጣቶቹ ከውጭ ሰው ጋር ሲሆኑ ይቀይሩታል፣ አሮጊቶች አይቀይሩም። ስለዚህ አፋቸውን ስሙ፦ «ፖ» ማለት «አዎ» ነው፣ «ዮ» ማለት ደግሞ «አይ»። እኛም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን አዎ ስንል ፈረንጅ የሚደነግጠው እንዲህ ነው።

የከፍታውንም ነገር እሱ ነው የነገረኝ። እነሱ ያሉት ከምድር ወገብ ሩቅ ነው። የክረምቱ በረዶ እዚያ ላይ ይከመራል፣ መንገዱ ደህና የሚሆነው ብዙ ጊዜ ጁን አጋማሽ ግድም ነው። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ሆኖ በበጋ ስትወጣው የምትረግጠው ድንጋይና ሣር ስለሆነ እኔ ሜትር ብቻ ቆጠርኩ። በፀደይ የምትሄዱ ከሆነ ሸለቆው ውስጥ ሁኑ፤ ቀሪውን ቀን ደቡብ ወርዳችሁ በራት የምትባለውን ከተማ እዩ፣ ነጫጭ ቤቶቹ መስኮት በመስኮት ሆነው ኮረብታው ላይ ተደርድረዋል፣ ያኔ ደግሞ ሙቀቱ ገና ነው።

እኔም ሁለት ቀን እዚያው ሸለቆ ውስጥ ተቀመጥኩ። እማማ ቡና ያፈላሉ፣ ወፍራም የቱርክ ቡና፣ ግን አንድ ስኒ ብቻ፤ ሁለተኛም በረካም የለም። ስኒከሬን ምድጃቸው ጎን አድርቀው ሲመልሱልኝ በጣታቸው ሶሉን መታ መታ አድርገው አንድ ነገር ተናገሩ። ልጁ ሊተረጉምልኝ ፈቃደኛ አልሆነም።