ሰው የማይጠብቀው መብራት፦ ለፎቶ ቡዝ ዕቃ ስመርጥ እስካሁን የደረስኩበት

ለዝግጅት የሚሆን ፎቶ ቡዝ፣ ማለትም እንግዳው ያለ ፎቶግራፈር ራሱ ገብቶ ተነስቶ ፎቶው እዚያው የሚታተምለት ቦታ፣ እየገጣጠምኩ ነው። ካሜራው፣ ታብሌቱና ፕሪንተሩ መልክ ይዘዋል። የቀረው መብራቱ ነው፤ ጊዜዬን የበላውም እሱ ነው። አንድ ወዳጄን ሳማክረው «አንድ ሪንግ ላይት ገዝተህ ለምን አትገላገልም?» አለኝ። መገላገሉን ማን ይጠላል? ተውሼ ሞከርኩት።

ሪንግ ላይት፣ ማለትም ቀለበት የሚመስለው መብራት፣ የሚወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌንሱ በመሃሉ ስለሚያይ ብርሃኑ ፊት ለፊት ይመጣል፤ ጥላው ከሰውየው ጀርባ ይደበቃል። እንግዳው ስክሪኑ ላይ የሚያየውና የሚታተምለት አንድ ነው። ለመትከልም ጊዜ አይፈጅም። አንድ ወይም ሁለት ሰው ቀረብ ብሎ ሲነሳ እንከን አታወጡለትም።

ጣጣው የሚጀምረው አምስት ስድስት ሰው ተቃቅፎ ሲገባ ነው። ሁሉም ፍሬሙ ውስጥ እንዲገባ ራቅ ብሎ መቆም አለበት፤ ሲርቅ ብርሃኑ ይሳሳል። ያንን ለማካካስ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) ስትከፍቱ ከኋላ ያሉት ፎከስ ያጣሉ። ሻተሩን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) ወደ 1/60 ሰከንድ ስታወርዱ ደግሞ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ቡዝ ውስጥ ገብቶ ረግቶ የሚቆም ሰው የለማ! አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ይገፋፋል፣ አንዱ መጨረሻ ሰከንድ ላይ ዘሎ ይገባል። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ብትጨምሩ ፎቶው ይሻክራል። ከሦስቱ አንዱን መርጣችሁ መክፈላችሁ አይቀርም።

ዲጄውም አለ። ሪንግ ላይት ያለማቋረጥ የሚበራ መብራት ስለሆነ አዳራሹ ውስጥ ካለው ብርሃን ጋር ተደባልቆ ነው የሚቀረጸው። ቀይና ሰማያዊ እየተሽከረከረ ባለበት ቤት የአንዱ ጉንጭ ቀይ፣ የሌላው ግንባር ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። በኋላ ኮምፒውተር ላይ አስተካክለዋለሁ ማለት እዚህ አይሠራም። ፎቶው እዚያው ታትሞ ሰው እጅ ገብቷል።

መምረጫዬን የቀየረው ይሄ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ከመብራቱ አጠገብ ሁልጊዜ ሰው አለ። ረጅም ሰው ሲመጣ ስታንዱን ከፍ ያደርጋል፤ መነጽር ሲያበራ ዞር ያደርገዋል። ቡዝ ውስጥ ማንም የለም። ሕፃኑም፣ ረጅሙም፣ ነጭ የለበሰውም፣ ጥቁር የለበሰውም በዚያው በአንዱ ብርሃን ነው የሚያልፈው። ስለዚህ አሁን ማንኛውንም ዕቃ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው እኔ ዞር ስል ምን እንደሚሆን ነው። ስንት ዋት እንደሆነ የማየው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚህ መለኪያ ፍላሽ አሸነፈ። የፍላሽ ብርሃን ከሰከንድ ጥቂት መቶኛ እንኳ ያነሰ ጊዜ ነው የሚቆየው። ስለዚህ የሚዘለውም ሰው ጥርት ብሎ ይወጣል። ሻተሩን 1/160፣ አፐርቸሩን ኤፍ 8፣ አይኤስኦውን 200 ሳደርገው የአዳራሹ ብርሃን ከፎቶው ውስጥ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ፍላሹን አጥፉና በዚያው ሴቲንግ አንድ ፎቶ አንሱ። ጥቁር ከወጣ ዲጄው የፈለገውን ቢያበራ አያገባችሁም። የዲጄው ቀለም ከታየ ሻተሩን ትንሽ አፍጥኑ ወይም አፐርቸሩን አጥብቡና የፍላሹን ጉልበት ጨምሩ። ካሜራው ከፍላሽ ጋር የሚስማማበትን የሻተር ወሰን ግን አትለፉ። በብዙ ካሜራዎች ላይ 1/200 አካባቢ ነው። ካለፋችሁ የፎቶው አንድ ጎን በጥቁር ጥላ ይቆረጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ። ሴቲንጉን እንዲህ ስታደርጉ ስክሪኑ ይጨልማል። ካሜራው «ያለ ፍላሽ ፎቶው ይህን ይመስላል» ብሎ ስለሚያሳይ ነው። እንግዳው ራሱን ሳያይ ምን ፖዝ ይሠራል? መላው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ካሜራው ውስጥ ኤክስፖዠር ሲሙሌሽን የሚባለውን ማጥፋት፤ ስሙ እንደ ካሜራው ይለያያል። ሁለተኛ፣ የፍላሹን ሞዴሊንግ ላይት ማብራት። ሞዴሊንግ ላይት ፍላሹ ላይ ያለች፣ ያለማቋረጥ የምትበራ ትንሽ መብራት ናት። ሰውየው ራሱን ያያል፣ ካሜራውም ፎከስ የሚያደርግበት ብርሃን ያገኛል። ስትገዙ ሞዴሊንግ ላይቱ ኤልኢዲ ይሁን። ሃሎጅን ከሆነ እንደ ምድጃ ነው፤ ጠባብ ቡዝ ውስጥ ሰዓታት ሲበራ ሰውንም ዕቃውንም ያግላል።

ፍላሽ ብያለሁ፤ የቱ ፍላሽ? በባትሪ የሚሠራውን ትንሹን ስፒድላይት መጀመሪያ አስቤ ነበር። ቀላል ነው፣ ቦታ አይፈጅም። ነገር ግን ቡዝ የሚያነሳው ተከታታይ ፎቶ ነው። የኔው በየ3 ሰከንዱ አንድ እያለ አራት ፎቶ ያነሳል። ትንሹን ፍላሽ በሙሉ ጉልበቱ ካስጨነቃችሁት ሦስተኛው ላይ መድከም ይጀምራል፤ አራተኛው ፎቶ ጨለም ብሎ ይወጣል። ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ደግሞ እየባሰበት ይሄዳል። ሲግልም ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በዚያ ላይ ለተወሰነ ደቂቃ ካልተነካ ይተኛል። ይሄን መዝጋት ይቻላል፤ ብዙ ሰው ግን ትዝ የሚለው ፍላሹ ከተኛ በኋላ ነው።

ስለዚህ የኔ ምርጫ ከሶኬት የሚሠራ 200 ዋት ሰከንድ ስትሮብ (ትልቁ የስቱዲዮ ፍላሽ) ሆነ፤ ዋት ሰከንድ የአንድ ብልጭታ ጉልበት መለኪያ ነው። በሩብ ጉልበቱ ነው የማሠራው፤ ይህ ወደ 50 ዋት ሰከንድ ነው። ለዚህ ርቀት ይበቃል፤ ወዲያው ይሞላል፤ አይግልም። ትልቅ ዕቃ ገዝቶ በትንሽ ማሠራት ብክነት ሊመስል ይችላል። ለቡዝ ግን የምትከፍሉት አራተኛው ፎቶ ከመጀመሪያው ጋር አንድ እንዲሆን ነው። ጉልበቱን በማንዋል ቆልፉት። ቲቲኤል (ካሜራው ራሱ የፍላሹን ጉልበት የሚወስንበት ሞድ) ላይ ከተዋችሁት ነጭ ቀሚስ ሲያይ ይቀንሳል፣ ጥቁር ኮት ሲያይ ይጨምራል፤ ፎቶዎቹ ወጥ አይሆኑም። ዋይት ባላንሱንም (ነጭ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ የሚያደርገውን የቀለም ማስተካከያ) እንዲሁ 5500 ኬልቪን አካባቢ ላይ ቆልፉት።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ፤ መብራቱ የት ይቁም?

ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ይሄን ሁላችንም ሰምተነዋል። ቡዝ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ግን በቁጥር እንየው። ከፊት ያለው ሰው ከመብራቱ 1 ሜትር፣ ከኋላ ያለው 1.5 ሜትር ርቆ ቢቆም፣ የኋለኛው የሚያገኘው የፊተኛውን 44 በመቶ ብቻ ነው። ከፊት ያለው ሲነጣ ከኋላ ያለው ይጨልማል። መብራቱን አንድ ሜትር ወደ ኋላ ስቡት። አሁን ርቀታቸው 2 ሜትርና 2.5 ሜትር ነው፤ የኋለኛው ድርሻ ወደ 64 በመቶ ያድጋል። በመካከላቸው ያለው ግማሽ ሜትር ግን ያው ነው። ዋጋው ደግሞ ለፊተኛው ሰው ያንኑ ብርሃን ለመስጠት አራት እጥፍ ጉልበት መጠየቁ ነው። ስትሮቡ በሩብ ጉልበት መሥራቱ እዚህ ጠቀመኝ፤ መጨመሪያ አለው። ከዚህ ሌላ መብራቱን ከፍ አድርጋችሁ መሃሉን ከኋላ ባሉት ሰዎች ላይ አነጣጥሩት። ከፊት ያሉት የሚያገኙት የጠርዙን ብርሃን ይሆናል፤ ልዩነቱ የበለጠ ይጠባል።

መብራቱ ሲርቅ ለፊቱ ትንሽ ሆኖ ይታያል፤ የሚጥለው ጥላም ጠርዙ ይጠነክራል። ስለዚህ ፍላሹ ፊት የሚደረገው፣ ብርሃኑን የሚያለሰልሰው መጋረጃ ትልቅ መሆን አለበት። ጃንጥላ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ግን ብርሃኑን ቤት ሙሉ ይረጨዋል፣ ስክሪኑም ላይ ያንጸባርቃል። 90 ሴንቲሜትር ኦክታቦክስ (ፊቱ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ባለ ስምንት ጎን ሣጥን) ላይ ረግቻለሁ። ሌላም ጥቅም አየሁበት። ሌሊቱ ሲገፋ ሰው ጨፍሮ፣ አልቦት ነው የሚመጣው። ትንሽ መብራት ግንባር ላይ ነጭ ነጥብ ያሳርፋል። ትልቁ ያንኑ ወዝ በሰፊው ያሰራጨዋል፤ በተለይ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ያምራል።

መነጽሩን ለብቻው ፈተንኩት። እህቴን መነጽሯን አድርጋ እንግዳው የሚቆምበት ምልክት ላይ አቆምኳት። በሪንግ ላይቱ ሁለቱም መስታወት ላይ ነጭ ቀለበት ወጣ፤ ዓይኖቿ አይታዩም። ኦክታቦክሱን ከካሜራው በላይ አድርጌ ስታንዱን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ሳብኩት። ነጸብራቁ በመስታወቱ ላይ እየተንሸራተተ ወጣ፣ ቅንድቧ ጋ ሲደርስ ጠፋ። «ጨረስን?» አለች። «ትንሽ ቀና በይ» አልኳት፤ ተመልሶ መጣ። አገጭ ከፍ ሲል መስታወቱ ወደ መብራቱ ይዞራል፤ አጭር ሰው ወይም ልጅ ካሜራውን ለማየት ቀና ሲል የሚሆነው ይሄው ነው። ስለዚህ መብራቱን ከፍ ከማድረግ ሌላ ወደ ጎን ትንሽ ማራቅ ያስፈልጋል። ካሜራውንም ከአማካይ ሰው ዓይን በላይ አትስቀሉት። ከልክ በላይ ከፍ ካደረጋችሁት ደግሞ የዓይን ጉድጓድ ላይ ጥላ ይወድቃል። እኔ ከሌንሱ በታች ጠረጴዛው ላይ ነጭ ፎም ቦርድ አጋድሜ ነው ያቃለልኩት። ከላይ የመጣውን ብርሃን ወደ አገጭና ዓይን ይመልሰዋል። ኤሌክትሪክ የለ፣ ባትሪ የለ፤ ከዕቃዎቼ ሁሉ ይቺን ነው የማመሰግነው።

ኤልኢዲ ይሻለኛል የምትሉ ካላችሁ አልከራከርም፤ ቪዲዮም የሚቀርጽ ቡዝ ከሆነ ፍላሽ አይረዳችሁም። ግን ሁለት ነገር ፈትሹ። አንደኛው መንቀጥቀጥ ነው። አንዳንድ ኤልኢዲ ሲደበዝዝ በጣም በፍጥነት እየጠፋ ይበራል፤ ዓይን አያየውም፣ ካሜራው ግን ጥቁር መስመር አድርጎ ያወጣዋል። በስልክ ስሎ ሞሽን ብትቀርጹት ይጋለጣል። ሁለተኛው ሲአርአይ፣ ማለትም መብራቱ ቀለማትን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካው ቁጥር ነው። ካርቶኑ ላይ 95 ስላለ ብቻ አትመኑ። ያ ቁጥር የስምንት ፈዘዝ ያሉ ቀለማት አማካይ ነው፤ ደማቁ ቀይ ለብቻው አር9 ተብሎ ነው የሚጻፈው። የሰው ቆዳ ደግሞ ቀይ ይፈልጋል። አር9 ዝቅ ያለ መብራት ፊትን አመድ ያስመስላል።

ስለ ትሪገር፣ ማለትም ካሜራው ፍላሹን ስለሚያስተኩስበት ዕቃ፣ በአጭሩ። በሬዲዮ የሚሠራው ምቹ ነው፤ ግን ብዙዎቹ ዋይፋይ በሚጠቀምበት በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው የሚሠሩት። ስልክ በበዛበት አዳራሽ አልፎ አልፎ ሊስት ይችላል። ቡዝ ውስጥ ካሜራውም ፍላሹም ስለማይንቀሳቀሱ ገመድ ምን አላት? እኔ በገመድ አደረግኩት፤ ሬዲዮው መጠባበቂያ ነው። ሌላ ፍላሽ ሲያይ አብሮ የሚተኮሰውን ሞድ ግን አጥፉት። አለበለዚያ የዝግጅቱ ፎቶግራፈር በተኮሰ ቁጥር የናንተም አብሮ ይተኩሳል።

ስታንዱ እግር ላይ የአሸዋ ከረጢት፣ ገመዱ ላይ ጋፈር ቴፕ (ገመድን ወለል ላይ የሚይዝ የጨርቅ ፕላስተር)። ይሄ አያከራክርም።

ያልቆረጥኩት የባክግራውንዱን ጉዳይ ነው። የሚያብረቀርቀውን ጨርቅ ስጠቀም ሰውን ከጨርቁ ወደ አንድ ሜትር ማራቄ ጥላውን አጠፋልኝ፤ ነጭ ጨርቅ ግን በዚያው ርቀት ግራጫ ይሆንብኛል። አንድ ትንሽ ፍላሽ ከኋላ ብጨምር ነጭ እንደሚሆን አውቃለሁ። ግን አንድ ተጨማሪ ዕቃ ማለት አንድ ተጨማሪ ገመድና እኔ በሌለሁበት ሊበላሽ የሚችል አንድ ተጨማሪ ነገር ነው። ለጊዜው ግራጫ ጨርቅ ሰቅዬ ልቀጥል ነው። ከናንተ ከኋላ መብራት ጨምሮ ሌሊቱን ሙሉ ያለ ችግር ያሠራ ካለ ግን የት እንዳስቀመጠውና በምን እንዳሠረው ይንገረኝ።