ያለ ጊዜው የተፈላ ቡና

ደብረ ብርሃን አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ስሠራ የገጠመኝ ነው። የገብስን አልፋ አሚሌዝ፣ ያው ብቅል ውስጥ ስታርችን የሚሰባብረውን ኢንዛይም፣ በእርሾ ለማምረት እንሞክር ነበር። የጠላው እርሾ አይደለም፤ ፒኪያ የሚባለው ነው። የገብሱ ጂን ይገባለታል፣ መጀመሪያ ግሊሰሮል እየበላ ይበዛል፣ ከዚያ ሜታኖል ሲሰጠው ጂኑ ይነቃና ኢንዛይሙን ወደ ውጭ ይተፋል። ሜታኖል ካልገባ ጂኑ ተኝቷል።

ፈተናው ቀላል ነው። ስታርች ያለበት ትንሽ የላብራቶሪ ሳህን፣ ዲሽ የምንለው፣ ላይ ፈሳሹን ጠብ ታደርጋለህ፣ ቆይተህ አዮዲን ታፈስበታለህ። ስታርቹ ይጠቁራል፣ ኢንዛይሙ የበላው ቦታ ግን ነጭ ክብ ሆኖ ይቀራል። የእኛ ክብ ሰፊ ነበር! ኃላፊያችን ፎቶ አንስተው ለአለቆቻቸው ላኩ፣ ቡና ተፈላ።

አንዷ ልጅ ብቻ ዲሾቹን ታገላብጣለች። "ዶክተር፣ ይሄኛው እኮ ሜታኖል ከመጨመራችን በፊት የተቀዳው ነው።" እሱም ላይ ክቡ አለ። "ጂኑ ሳይነቃም ትንሽ ያመልጣል፣ ያለ ነው" ብለው ሊያልፏት ነበር። እሷ ግን አልለቀቀችም፣ ጠብታውን ማይክሮስኮፕ ስር ከተተችው። ከድቡልቡሉ እርሾ መሃል ዘንግ የመሰሉ ነገሮች ይርመሰመሳሉ። ባሲለስ የሚባለው ባክቴሪያ መሆኑ ነው። ባሲለስ ደግሞ የራሱን አሚሌዝ በገፍ ያመርታል።

ከየት ገባ? ውሃው ተጠረጠረ፣ ቱቦው ተጠረጠረ፣ እኔም አልቀረልኝም። ጉዱ ያለው ኦቶክሌቩ፣ ያው ዕቃውን በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው ማሽን፣ ጋ ነበር። አሮጌ ስለሆነ በግፊት ነው የሚነዳው፤ ጌጁ፣ የግፊት መለኪያው፣ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ሲደርስ ሰዓት ይያዛል፣ መመሪያው 15 ማለት 121 ዲግሪ ነው ይላላ። ለባሕር ዳርቻ ሰው ልክ ነው። ጌጁ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የውጭው አየር ራሱ ስስ ነው፣ ስለዚህ 15 ላይ እንፋሎቱ 116 ዲግሪ አካባቢ ይቀራል። ባቄላ ሸዋሮቢት ቶሎ በስሎ እኛ ጋ እንደሚያስቸግር ሁሉም ያውቃል፤ ከማሽኑ ጋር ያገናኘው ግን አልነበረም። የባሲለስ ስፖር፣ ያው ሙቀት የሚችለው የተኛ ዘሩ፣ ግትር ነው፣ እንዲህ ያለችውን ክፍተት አያሳልፋትም።

ማሽኑ እንደሚችል ከተረጋገጠ በኋላ ጌጁን ወደ 19 ከፍ አድርገን ቴርሞሜትር ውስጡ አስገባን። በሚቀጥለው ዙር ከሜታኖል በፊት የተቀዳው ድፍን ጥቁር ሆነ። ከሜታኖል በኋላ ክብ ወጣ፣ የገብሱ ነው፣ ግን ከቀድሞው በጣም ያነሰ። አሁን ጭቅጭቁ ኦክስጅን ላይ ነው፤ ሜታኖል የሚበላ እርሾ ኦክስጅን አይጠግብም፣ ከፍታው እሱንም ቀንሶብናል።