ልክ ከዜናው ቀጥሎ ይሁንልኝ ያለው ደንበኛ

የምሠራው ፍራንክፈርት ውስጥ፣ ለማስታወቂያ የሚሆን የአየር ሰዓት በሚገዛ ድርጅት ነው። ደንበኞች ማስታወቂያቸውን ጨርሰው ይመጣሉ። የት አገር፣ በየትኛው ጣቢያ፣ በስንት ሰዓት ይውጣ የሚለው የእኛ ሥራ ነው።

አንድ ጊዜ የታሸገ ሱጎ የሚያመርት ደንበኛ መጣ። ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ስፔን፣ ጣሊያንና እንግሊዝ፤ በየአገሩ ትልቁ የሕዝብ ጣቢያ ላይ፣ ልክ ከዋናው የምሽት ዜና ቀጥሎ እንዲወጣለት ፈለገ። አዲሱ አለቃችን «ችግር የለም» ብሎ ተቀበለ። ከኢንተርኔት ማስታወቂያ የመጣ ሰው ነው፤ እዚያ፣ አገር ማለት ኮምፒውተር ላይ ምልክት የሚደረግበት ሳጥን ነው። አምስቱንም አገር በአንድ ኤክሴል ላይ 20:00 ብሎ ሞልቶ ላከልን። በእኛ አቆጣጠር ምሽት 2 ሰዓት መሆኑ ነው። በኢቲቪ ዜና ላደገ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይደለም።

ሰንጠረዡ ግን ገና ከጀርመን መፍረስ ጀመረ። ታገስሻው የሚባለው የሕዝብ ጣቢያው የኤአርዲ ዜና የሚጀምረው ራሱ በ20:00 ነው። ኤአርዲና ሌላው የሕዝብ ጣቢያ ዜድዲኤፍ ደግሞ ከ20:00 በኋላ፣ እሑድና በዓል ቀን ጭራሽ፣ ማስታወቂያ እንዳያወጡ ሕግ ይከለክላቸዋል። እያንዳንዱ ቤት በወር 18.36 ዩሮ ይከፍላቸው የለ! በፈረንሳይ የሕዝብ ጣቢያዎችም ከ2009 ጀምሮ ከ20:00 በኋላ የንግድ ማስታወቂያ የለም። የስፔኑ ቲቪኢ በ2010 ነገሩን እርግፍ አድርጎ ትቶታል። ቢቢሲ በአገሩ ሞክሮትም አያውቅ። የተረፈችን ጣሊያን ነች። የሕዝብ ጣቢያዋ ራይ ከሕዝቡም ከማስታወቂያውም ይበላል። ክፍያው ከ2016 ወዲህ ከመብራት ሒሳብ ጋር ስለሚመጣ ማምለጫም የለው።

«እሺ፣ የግል ጣቢያ እንውሰድ፤ ሰዓቱ ግን አይነካ» አለ አለቃችን።

ስፔናዊቷ ባልደረባችን ሳቀች። «በ20:00 እናቴ ስለ እራት ገና አላሰበችም። ዜናውም በ21:00 ነው፤ ትልቁ ፕሮግራም የሚጀምረው ከ22:00 በኋላ!»

እንግሊዝን የያዘው ልጅ ቀጠለ፤ «እኛ ጋ ደግሞ የቢቢሲ ዜና በ18:00 እና በ22:00 ነው። በ20:00 ሰዉ በልቶ ሳህን አጥቧል።»

አለቃችን እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ሁለት አምድ እንጨምር አልኩ። አንዱ ጣቢያውን ማን እንደሚከፍለው፣ ሌላው ሰው መቼ ገበታ ላይ እንደሚቀመጥ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ከ20:00 ዜና ቀጥሎ የሚለው የአለቃችን ሐሳብ ሳይነካ የተረፈው በሁለት አገር ብቻ ነው፤ በጣሊያን ራይ ላይና በፈረንሳይ፣ ያውም በግሉ ቲኤፍ 1። እንግሊዝን ወደ ግሉ አይቲቪ፣ ስፔንን ዘግየት ወዳለ ሰዓት ወሰድናቸው። ጀርመንን ከዜናው በፊት አደረግነው።

ደንበኛው የተከራከረው በጀርመን ዋጋ ብቻ ነው። ከ20:00 በኋላ በሩ ስለሚዘጋ፣ ከዜናው በፊት ያሉትን ጥቂት ደቂቃዎች ሁሉም ይሻማባቸዋል። አለቃችን በስልክ ሲያስረዳው ሰማሁት፤ ሕጉን ራሱ ያረቀቀው ይመስል ነበር።