ባገር 288ን የሚፈትነው ምንድን ነው?

ስለ ግዙፉ የማዕድን መቆፈሪያ ማሽን ስለ ባገር 288 ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው 13,500 ቶን ክብደቱ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን አቆራረጡ ነው።

መሬቱን የሚቆፍረው መንኮራኩር ዲያሜትሩ 21.6 ሜትር ነው፤ በዙሪያው 18 ባልዲዎች አሉ፣ እያንዳንዳቸው 6.6 ሜትር ኩብ ይይዛሉ። መንኮራኩሩ ሲሽከረከር የተሸከመው ክንድ ወደ ግራና ቀኝ እየዞረ የአፈሩን ግድግዳ ይልጣል። ባልዲው ከላይ ሲደርስ አፈሩ በራሱ ክብደት ወደ ኮንቬየሩ፣ ማለትም አፈሩን ወደሚያጓጉዘው ቀበቶ፣ ይወድቃል። ቆፍሮ፣ ዞሮ፣ ደፍቶ መመለስ የለም። በቀን እስከ 240,000 ቶን ማንሳት የቻለው ሥራው ስለማይቆራረጥ ነው።

ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። የተሠራው ለለስላሳ መሬት፣ ማለትም ለአሸዋ፣ ለሸክላ አፈርና ለቡናማ ከሰል ነው። ጠንካራ ድንጋይ ሲገጥመው የባልዲው ጥርስ ይሰበራል፤ ንዝረቱ እስከ ማርሽ ሳጥኑና እስከ ክንዱ ይዘልቃል። እርጥብ ሸክላ ደግሞ ባልዲው ላይ ተጣብቆ አልወርድ ይላል፤ ለዚህ ሲባል ጀርባቸው በሰንሰለት የተሠራ ባልዲዎች አሉ፣ ሰንሰለቱ ሲወዛወዝ ጭቃውን ያራግፈዋል። የደነዘዘ ጥርስ በጊዜው ካልተቀየረ ማሽኑ ብዙ ኃይል ይበላል። ከኋላ ያለው ኮንቬየር ከቆመ መንኮራኩሩም አብሮ መቆሙ ግድ ነው።

ኤሌክትሪኩ ከውጭ በኬብል ይመጣል፣ 16.5 ሜጋዋት ያህል።

በ2001 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ከሃምባህ ማዕድን ማውጫ ወደ ጋርትስቫይለር ማዕድን ማውጫ 22 ኪሎ ሜትር የተጓዘው በራሱ ሰንሰለት እግሮች ነበር፤ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ነቅሎ እንደገና ከመገጣጠም ይህ ይረክሳል። 12ቱ እግሮች እያንዳንዳቸው 3.8 ሜትር ስፋት ስላላቸው ክብደቱ ይከፋፈላል።