የመጀመሪያው ሞተሬ

ሁለት ዓመት ሙሉ ካመነታሁ በኋላ፣ ባለፈው ጥቅምት እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ያገለገለ ባጃጅ ቦክሰር 150 ሞተር ሳይክል ገዛሁ። ልቤ የከጀለው ቁመናው የሚያምረውን አፓቼ ነበር፤ ነገር ግን መንዳት ገና ለሚለማመድ ሰው መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኝና ቢወድቅም ብዙ የማያስቆጭ ሞተር እንደሚሻል የሠፈራችን መካኒክ አሳመነኝ። ከመክፈሌ በፊት እሱ ራሱ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አመሳከረ፣ ካቴናውን በጣቱ ወደ ላይና ወደ ታች እየገፋ መላላቱን አየ፣ ከዚያም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ እንዲነሣ ጠየቀ፤ አስቀድሞ ተሟሙቆ የሚቀርብ ሞተር የጠዋት ችግሩን ይደብቃልና።

መንጃ ፈቃድ ቢኖረኝም ፍሪሲዮኑ፣ ማለትም ለመነሣትና ማርሽ ለመቀየር በግራ እጅ የሚጨበጠው ማንሻ፣ አስቸገረኝ። ቀስ ብዬ መልቀቅ ሲገባኝ በድንገት እየለቀቅኩ በመጀመሪያው ቀን ስንት ጊዜ እንዳጠፋሁት አልቆጠርኩም፤ የሠፈሩ ልጆች ግን ቆጥረዋል።

ይበልጥ ያሳሳተኝ ስለ ፊት ፍሬን የሚወራው ነው። «የፊቱን ከነካህ ትገለበጣለህ» ይሉኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ሞተሩ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ፣ አብዛኛውን የማቆም ኃይል የሚሰጠው የፊቱ መሆኑ ነው፤ በድንገት ሳይጨብጡ ቀስ በቀስ እያጠበቁ መያዝ ነው ያለበት። ይህ የገባኝ አንዲት በግ ድንገት መንገድ ስታቋርጥ የኋላውን ብቻ ረግጬ፣ ጎማው ተንሸራቶ በጎኔ ከወደቅኩ በኋላ ነው። ጉልበቴ ተላጠ፣ የግራው ስፖኪዮ ተሰበረ፤ ሄልሜቴ ግን የአገጭ ማሰሪያው በደንብ ታስሮ ስለነበር ከራሴ አልወለቀም። በጓም ዞር ብላ ሳታየኝ ሄደች።

ስፖኪዮውን በማግስቱ ቀየርኩ፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን የጢስ ዓባይ ጉዞ ግን እስካሁን አልደፈርኩትም።