«በምን ነው የመታሽ?»

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ተዉት። ስለ ታካሚዋም ማንነቷን ሊያሳውቅ የሚችለውን ሁሉ ቀይሬዋለሁ።

ቅዳሜ ማታ ነው። ባጃጅ በሩ ድረስ ገብቶ ባልና ሚስት አወረደ። እሷ ግራ እጇን በነጠላ አንጠልጥላዋለች። ፊቷ ላይ ምንም የለም። የሚያወራው ሰውዬው ነው። ስሟን እሱ ነገረን፣ ዕድሜዋን እሱ ነገረን፣ የት ጋ እንደሚያማት እንኳ መልሱ ከእሱ ነው። «ከደረጃ ወድቃ ነው» አለ። አድራሻቸው አቶቴ፣ ግቢ ውስጥ የተከራዩት አንድ ክፍል ቤት። ደረጃው ከየት መጣ?

ይሄ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት እንደሚለው፣ አገራችን ውስጥ ትዳር ይዘው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶዎቹ ከትዳር ጓደኛቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ካርዶቻችንን ላየ ግን ሐዋሳ ሴቱ ሁሉ ሲወድቅ የሚውልባት ከተማ ናት፤ ያውም ሜዳ ላይ ተቀምጣ። «ፎል ዳውን አክሲደንት» ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ቀጣይ ይጠራል።

ያን ማታ አብራኝ ተረኛ የነበረችው በዕድሜም በሥራም የምትበልጠኝ ሲስተር ናት። ሰውዬውን ቀና ብላ አየችውና በጣም በትሕትና «ወንድሜ፣ ራጅ ክፍል አስታማሚ አይገባም፣ ጨረር አለ። አንተ እስከዚያ ክፍያውን ጨርስልን» አለችው። ዞር እያለ እያየ ሄደ።

በሩ ሲዘጋ «መቶሽ ነው እንዴ?» ብላ አልጠየቀችም። እንደዚያ ከተጠየቀች መልሱ «ኧረ በጭራሽ» ነው። «የኔ እህት፣ በምን ነው የመታሽ?» አለቻት።

ዝም አለች። ቆይታ «በዘነዘና» አለች።

ፊልሙ ሲወጣ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። ሰው ሲወድቅ መሬት የሚቀበለው በመዳፉ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ወደ አንጓው አካባቢ ነው። የእሷ ግን በትንሿ ጣት በኩል የሚሄደው የክንድ አጥንት፣ ልክ መሃሉ ላይ ነው የተሰበረው፤ ሌላው አልተነካም። ይሄ ፊቱን ለመከላከል ክንዱን ወደ ላይ ያነሳ ሰው ስብራት ነው። አጥንት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፣ ግን ከደረጃው ወሬ ጋር አይሄድም።

ሲስተር ካርዱን ሳበች። መቼም ካርድ የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። እሷ ግን መሃሉ ላይ በአማርኛ፣ በትምህርተ ጥቅስ አድርጋ፣ «በዘነዘና መታኝ፤ እጄን ሳነሳ እዚህ ጋ አገኘኝ» ብላ የሴትየዋን ቃል እንዳለ አሰፈረች። የሰንበሩን ቦታ፣ ቀለም፣ በሴንቲሜትር ስፋቱን አስከተለች። ሐኪሙም አይቶ የራሱን ጻፈና ፈረመ። «ዛሬ የት ታድሪያለሽ?» ስትላት አክስቷ ጋ እንደምታድር ነገረችን። አስገድደን የምንልካት ቦታ የለም፣ ልናስገድዳትም አንችልም።

ያቺ አንድ ቃል ምን ያህል እንደምትመዝን የገባኝ በኋላ ነው፤ ፖሊስ የሕክምና ማስረጃ ጠይቆ፣ ለምስክርነት ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የተጠራን ጊዜ። ጉዳዩን የያዘችው ወጣት ዐቃቤ ሕግ ነበረች፤ ወረፋ ስንጠብቅ ሕጉን አስረዳችን። እኔም ቤት ገብቼ አነበብኩት።

የወንጀል ሕጉ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ነው፤ ፌዴራል ስለሆነ እዚህም አዳማም ያው አንድ ነው። አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ሳይጋቡ አብረው በሚኖሩት ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በስም ጠርቶ ያነሳል፣ ከዚያ ግን ቅጣቱን ለማንኛውም የአካል ጉዳት ወደተደነገጉት አንቀጾች ይመራል። ጣጣው እዚያ ነው። ሰንበር፣ እብጠትና ቶሎ የሚያልፍ ሕመም በአንቀጽ 560 ጉዳት አይባልም። «የእጅ እልፊት» ነው። ቅጣቱ እስከ 300 ብር መቀጮ፣ ከበድ ካለ እስከ 3 ወር እስራት። ስንት ጠቁሮ ያበጠ ፊት ያየሁ ሰው ይሄን ሳነብ ምን እንደተሰማኝ አልነግራችሁም።

ቀላል የአካል ጉዳት የሚባለው 556 ነው። ተራው ዓይነት በግል አቤቱታ ብቻ ነው የሚያስከስሰው፤ አቤቱታው ካወቀችበት ቀን አንስቶ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ያበቃል፣ ካነሳችውም እንደዚያው። ጉዳቱ የደረሰው ግን ሰው ሊጎዳ በሚችል መሣሪያ ከሆነ ወደ ንዑስ አንቀጽ 2 ይሻገራል፤ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ያስቀጣል፣ አቤቱታም አያስፈልገውም። መንግሥት ራሱ ይከስሳል። ዘነዘናዋ ማለት ይህች ናት።

እንደተፈራውም ሽማግሌ ገባ። ሰውዬው ቀድሞም በዋስ ወጥቷል፤ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ዋስትናውም ብዙ አይከብድም። ሴትየዋ ታርቃ አቤቱታዋን አነሳሁ ብላ ፈረመች። አልፈርድባትም። ልጆች አሉ፣ የቤት ኪራዩን የሚከፍለው እሱ ነው፣ የሁለቱም ዘመድ በር ላይ ተኮልኩሏል። መዝገቡ ግን አልተዘጋም።

ከዚያ በኋላ ነው እኛ ጋ የመጡት። የእሱ ወገን የሆነ ሰው በአስተዳደር በኩል ሰው አበጅቶ ኖሮ ሲስተር ቢሮ ተጠራች። «አንዲት መስመር ናት፣ ታርቀዋል'ኮ፣ ዘነዘናዋን ብቻ አውጡልን።» እሷም፣ ካርድ ላይ የተጻፈ ስህተት እንኳ ቢሆን በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ ሥሩ እየተነበበ፣ ቀንና ፊርማ እንደሚቀመጥበት ነገረቻቸው። «እኔ ደግሞ አልተሳሳትኩም። ይውጣ የምትሉትን በደብዳቤ፣ በማኅተም አምጡልኝ» አለች። ሐሰተኛ የሕክምና ማስረጃ መስጠት ራሱ በወንጀል እንደሚያስጠይቅ ሁሉም ያውቃል። ደብዳቤውን ያመጣ የለም።

ሰውዬው ጥፋተኛ ተባለ፣ ቅጣቱ ግን በገደብ ሆነ። እውነቱን ለመናገር አነሰብኝ። ለሴትየዋ የጠቀማት ሌላ ቦታ ነው፤ ከወራት በኋላ ፍቺ ስትጠይቅ ውሳኔውም የሕክምና ወረቀቱም በእጇ ነበሩ። እኛ እንደ ኬንያ፣ በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንዳወጡት ዓይነት፣ «አጠገቧ እንዳትደርስ» የሚል የጥበቃ ትእዛዝ የሚሰጥበት ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ የለንም። ቀረብ የሚለው የቤተሰብ ሕጉ ነው። በፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 82 የፍቺ ጥያቄ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ የልጆችን ጥቅምና በመውጣት ይበልጥ የሚጎዳው ማን እንደሆነ አይቶ ከቤት ማን እንደሚወጣ ያዝዛል፤ ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። እንግዲህ አስቡት፤ «ከቤት ይውጣልኝ» ለማለት መጀመሪያ «አፋቱኝ» ማለት አለባት።

በትዳር ውስጥ ስላለው አስገድዶ መድፈርማ ባናወራ ይሻላል። አንቀጽ 620 የሚቀጣው «ከጋብቻ ውጪ» የተፈጸመውን ብቻ ነው። ቢሆንም ሴትየዋ ከነገረችን እንጽፈዋለን።

አሁን እኛ ክፍል «በምን?» ሳይጠየቅ የሚዘጋ ካርድ ጥቂት ነው። በጥፊ ለተመታችም ጆሮዋን በመሣሪያ ሳናይ አንሸኛትም፤ የተበሳ ታምቡር ሰንበር አይደለም። ሥራ በዛብን፣ እኛ ፖሊስ አይደለንም፣ ምስክርነት ቀን ያስፈጃል የሚሉ አሉ። ቀን ማስፈጀቱስ እውነት ነው፤ ለሦስት ደቂቃ ቃል ግማሽ ቀን አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን። ያም ሆኖ «አስታማሚ አይገባም» የሚለውን ወረቀት ቁስል ማሸጊያው ክፍል በር ላይም ለጥፈነዋል። ለምን ብሎ ለሚቆጣ ባል ጥበቃው ጋሼ «ጨረር አለ» ይለዋል። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ፋሻና አልኮል ብቻ ነው።